«አያ ጅቦ መጣ» ትምህርት አይደለም

 

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ቢሆንም ሁለት ሳምንት አሳድሬዋለሁና የንዴት ጽሑፍ ነው ብላችሁ አትለፉት። አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሂሳብ መምህር ነኝ። ስለ መድኃኒት የማውቀው እናንተ ከምታውቁት አይበልጥም። ስለ ቁጥር ግን ትንሽ አውቃለሁ። ስለ ፍርሃት ደግሞ በቅርቡ ቤታችን ድረስ መጥቶ አስተምሮኛል።

ልጆች ሆነን አንተኛም ስንል «አያ ጅቦ መጣላችሁ!» ይሉን ነበር። እንተኛለን። ግን እንዴት ነበር የምንተኛው? ብርድ ልብሱን እስከ አናታችን ስበን፣ ሽንታችን ቢመጣ እንኳ ለመውጣት ፈርተን። ጠዋት ፍራሹ ርሶ ይገኛል፤ ለዚያም እንገረፋለን። ወላጆቻችን ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ አቋራጭ ስለሆነ ነው። የዛሬው የጤና «ትምህርታችን» አብዛኛው ያው አያ ጅቦ ነው። ልዩነቱ አሁን በስልክ መምጣቱ ነው።

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ግፊት አለባት። ክኒኗን በሰዓቱ እየወሰደች፣ ጎረቤት ቡና እየጠራች፣ ማኅበሯን እየጠጣች ደህና ትኖር ነበር። ዓምና ታናሽ ወንድሜ ስማርት ስልክ ገዛላት። የልጅ ልጆቿን እያየች ትሳቅ ብሎ ነው።

መጀመሪያ የቀረው ዘይት ነው። «መርዝ ነው ይላሉ» አለች። ቀጥሎ እንቁላል ቀረ። ቀጥሎ ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል ተብሎ ሽሮ ቀረ። ከዚያ ቡና ቀረ፤ ቡና ሲቀር ጎረቤትም አብሮ ቀረ። ማታ ማታ ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ የልብ ምቷን ትቆጥራለች። በስድስት ወር ውስጥ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፉባት። በመጨረሻ አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ማን ይሁን ምን የማይታወቅ ሰው «የግፊት ክኒን ኩላሊት ያደርቃል» ሲል ሰማች። ለማናችንም ሳትነግር ክኒኗን አቆመች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓዳ ውስጥ ወድቃ አገኘናት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግፊቷ 210 በ120 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። የመረመረቻት ወጣት ሐኪም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቀስ ብላ አስረዳቻት፦ «እማማ፣ ኩላሊት የሚጎዳው ሳይታከም የቆየ ግፊት ነው። ክኒኑ እኮ ኩላሊትዎንም ሊጠብቅልዎት ነው የታዘዘው።» እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ያ ሰውዬ ለምን አስፈራራኝ ልጄ? ምን አድርጌው?» አለች።

ያን ቀን ማታ ስልኳን ከፍቼ አየሁት። አንዳንዱን ቪዲዮ ራሱ ስልኩ ነው እየደረደረ ያመጣላት፤ አንዱን ያየ አሥር ይጨመርለታል። ብዙው ግን ከቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ የመጣ ነው። ከላኪዎቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። «ለጥንቃቄ ያህል» ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ሳላየው፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ የላክሁት። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ጣቴን ወደ ራሴም እየቀሰርኩ ነው።

ከስንት ወደ ስንት?

ከእኔ ጋር ዘጠነኛ ክፍል የተማራችሁ መቶኛ ስናስተምር የምላትን አትረሷትም፦ «የምን መቶኛ?» መነሻው ያልተነገረ መቶኛ ቁጥር አይደለም፤ ጩኸት ነው።

ሎተሪ እናስብ። አንድ ትኬት የገዛ ሰው ሁለተኛ ቢገዛ የማሸነፍ ዕድሉ በእጥፍ ጨመረ። ውሸት አይደለም፣ መቶ በመቶ ጨመረ። ግን ሁለት ትኬት ገዛሁ ብሎ ሥራውን የለቀቀ ሰው አይታችኋል? የለም። ሎተሪ ላይ ሁላችንም የሂሳብ ሊቅ ነን። «ይህን የበላ በካንሰር የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ይጨምራል» ሲባል ግን ሂሳቡ ከራሳችን ይጠፋል። ከስንት ወደ ስንት? ከመቶ 20 ወደ 40 ነው ወይስ ከአሥር ሺህ 1 ወደ 2? ሁለቱም «እጥፍ» ነው። የመጀመሪያው ሲሆን ተነሥታችሁ መሮጥ አለባችሁ። ሁለተኛው ሲሆን ምሳችሁን ጨርሱ።

ይህ ቀልድ አይደለም፣ አገር አናግቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 እንግሊዝ ውስጥ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴው አዳዲሶቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ ብሎ አስጠነቀቀ። ጋዜጣና ቴሌቪዥኑ ተቀባበለው። ከስንት ወደ ስንት ነበር? ከ7,000 ሴቶች 1ዷ ጋ ይደርስ የነበረው 2 ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በቃ ይኸው ነው። ሴቶቹ ግን የሰሙት «እጥፍ» የሚለውን ነው። ብዙዎቹ ደንግጠው ክኒኑን አቆሙ። ያልታሰበ እርግዝና መጣ፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ በግምት 13,000 ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ ተፈጸመ። የሚያሳዝነው ደግሞ እርግዝና ራሱ የሚያመጣው የደም መርጋት አደጋ ከክኒኑ ይበልጣል። ከጅብ ሸሽተው ጅብ ጉድጓድ ገቡ። ማንም አልዋሻቸውም እኮ! እውነቱን በግማሽ ነው የነገሯቸው።

እኛም ጋ የመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ ቋሊማና ሞርታዴላ ያለውን፣ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ፣ ሲጋራ ያለበት ምድብ ውስጥ አስገባው። እኛ ስልክ ላይ ሲደርስ «ሥጋ እንደ ሲጋራ ይገድላል» ሆኖ ቁጭ አለ። ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ነው፤ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው የአንጀት ካንሰር አደጋው በ18 በመቶ ይጨምራል ነው የተባለው። እንደነ እንግሊዝ ባለ አገር፣ ከመቶ ሰው አምስት ያህሉን በዕድሜው የሚይዘው በሽታ ወደ ስድስት ገደማ ይጠጋል ማለት ነው። ማወቅ ያስፈልጋል? አዎ። ለፋሲካ ቅርጫ የገባን ሰው ሌሊት እንቅልፍ መንሳት ያስፈልጋል? አያስፈልግም።

ፍርሃት ራሱ ያማል

«ቢፈራ ምን ይሆናል? ይጠነቀቃል እንጂ» የሚል አይጠፋም። ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረች አንዲት ልጅ አንድ ቀን ከክፍል ወጥታ ተከትላኝ መጣች። «ቲቸር፣ ልሞት ነው መሰለኝ» አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ልቧ ይመታል፣ ደረቷን ይጨንቃታል፣ ጣቷ ይደነዝዛል። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። መረመሯት፣ ምንም የለባትም። በሳምንቱ ተመልሳ ያው ሆነች። ቀስ ብዬ ስጠይቃት «የልብ ድካም ምልክቶች» የሚሉ ቪዲዮዎችን ሌሊት ሌሊት እንደምታይ ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ደወል ይደውላል፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል። እነዚህ ደግሞ ቪዲዮው «ምልክት» ብሎ የዘረዘራቸው ናቸው። ፍርሃቱ ምልክቱን ያመጣል፣ ምልክቱ ፍርሃቱን ያረጋግጣል። ክብ ነው፤ መውጫ የለውም። ልጅቷ የአእምሮ ሐኪም እንድታይ ስንል ወላጆቿ ተቀየሙን። ጭንቀት የያዘውን ሰው «አማኑኤል ሂድ» ማለትን ስድብ ያደረግን ሰዎች ነን እኮ። በአንድ እጃችን እናስጨንቃለን፣ በሌላው እጃችን የሕክምናውን በር እንዘጋለን።

ይህ የተማሪዬ ድክመት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት «አመመን» ብለው ያቆሙ 60 ሰዎች ናቸው የተሳተፉት። በአንዳንዱ ወር እውነተኛውን ክኒን፣ በአንዳንዱ ወር ምንም የሌለበትን ባዶ ክኒን፣ በአንዳንዱ ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ ቆዩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ክኒኑን አይተው አያውቁም። በመድኃኒቱ ወር ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ባዶውን ክኒን ሲወስዱም ተሰማቸው! ሰዎቹ አልዋሹም። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ያመጣው ግን «ያመኛል» የሚለው ጥበቃ ነው። እንግዲህ «ይህ ክኒን ኩላሊት ያደርቃል» ብለህ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው ስትለቅ፣ ክኒኑን ገና ሳይውጡ ስንቱን እያሳመምክ እንደሆነ አስበው።

የቼርኖቢልን ነገር ታስታውሱ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የፈነዳው የኒውክሌር ጣቢያ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ያሉበት ቡድን ጉዳቱን ሲገመግም፣ አደጋው ያስከተለው ትልቁ የሕዝብ ጤና ችግር የአእምሮ ጤና ነው አለ። ጨረሩ የለም አላሉም፤ በጨረሩ የታመሙና የሞቱ አሉ። ግን ከእነሱ ብዙ እጥፍ የሆነ ሕዝብ «እኛ የተበላሸን ነን፣ ልጆቻችንም አይረቡም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ኖረ። ስጋት እንደ ጨረር አይታይም፤ ይጎዳል ግን።

የኔ ግጥም

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

1996 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነኝ። ያኔ ስለ ኤድስ የምንማረው በራስ ቅልና በሬሳ ሣጥን ሥዕል ነበር። እኔ ደግሞ ግጥም እሞካክር ነበርና አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥቼ አነበብኩ። በሽታው በቫይረሱ የተያዘውን ሰው ወደ በሰበሰ አፅም ሲለውጠው፣ ጎረቤት ሲሸሸው፣ መቃብር አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው... ብቻ ምን ልበላችሁ፣ የሚዘገንን ነገር ነበር። ጭብጨባው ቀለጠ። መምህሮቼ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ።

ዓምና አብሮኝ የተማረ ልጅ አግኝቶኝ ቡና ጠጣን። ስሙን አልጠራም፤ ግን ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ሳንጠብቀው ያን ግጥም አነሣ። እኔ በኩራት ፈገግ አልኩ። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ያን ጊዜ እናቴ ቫይረሱ ነበረባት። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ቀን ማታ ኩባያዋን ለየሁት። ሳህኗንም። ለምን እንደለየሁት ገባት፤ ምንም አላለችኝም። ክረምቱ ላይ አረፈች።»

ቫይረሱ በኩባያ አይተላለፍም። ያኔም ይታወቅ ነበር፤ ክበባችን ግድግዳ ላይ እንኳ ተለጥፎ ነበር። ግን የራስ ቅል ያየ ሰው ግድግዳ አያነብም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?

በዓመቱ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት ጀመረ። ዛሬ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል። ግን ያ የራስ ቅል ከሰው አእምሮ በቀላሉ ወጥቷል? መርምሩኝ ለማለት የሚፈራ፣ መድኃኒቱን ከትዳር ጓደኛው የሚደብቅ ሰው ዛሬም አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለን እንተርታለን። በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገው ማን ነው? እኛ ነን፤ እኔና ግጥሜ።

ይኸው ስህተት አሁን በካንሰር እየተደገመ ነው። «ካንሰር» የሚለው ቃል ሞት የሚለውን ቃል ተክቶ የሚነገርበት አገር ውስጥ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ምን ታደርጋለች? ሮጣ ሐኪም ቤት የምትሄድ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የሞት ፍርዷን ለመስማት ማን ይሮጣል? የጡት ካንሰር ግን በጊዜ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ትልቅ ነው። ይህችን አንዷን ዓረፍተ ነገር ከአስፈሪው ሥዕል ሥር መጻፍ ስንት ያስከፍላል?

«ካልተፈራራ ሰው አይሰማም» ለምትሉ

ይህን ጽሑፍ ገና ሳልጨርሰው ለአንድ ጓደኛዬ አሳየሁት። «የኛ ሰው ካላስፈራራኸው አይሰማም» አለኝ። ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ትልቅ አደጋን ትልቅ ነው ማለት ማስፈራራት አይደለም። ሲጋራ አለ አይደል? ሳያቆሙ ከሚቀጥሉ አጫሾች እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይገድላል። ይህ ቁጥር ምን ማጋነን ያስፈልገዋል? ኮቪድም ቀልድ አልነበረም፣ ሰው ቀብረናል። እኔ የምለው ሁሉንም በአንድ ድምፅ አትጩኹብን ነው። ሲጋራውም «ገዳይ»፣ ማይክሮዌቩም «ገዳይ»፣ ቲማቲሙም «ገዳይ» ከሆነ ሰው መለየት ያቅተዋል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈጠራል፦ እንደ እናቴ ሁሉን የሚፈራና «ኧረ ተዉን፣ ሁሉም ይገድላል ትላላችሁ» ብሎ ሲጋራውን የሚለኩስ። ሁለቱንም የፈጠርነው እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ ፍርሃት የሚሠራው ሰውየው ማድረግ የሚችለው ነገር አብሮ ሲሰጠው ነው። ይህን እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት፤ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ነገር ነው። አደጋውን አሳይተህ መውጫውን ካላሳየኸው ሰውየው ከአደጋው አይሸሽም፣ ከወሬው ነው የሚሸሸው። ጆሮውን ይደፍናል፣ ምርመራውን ይቀራል። ክፍል ውስጥም እኮ ያው ነው። «ትወድቃለህ! ትወድቃለህ!» ያልኩት ተማሪ አልፎልኝ አያውቅም። «ይህችን ሦስት ምዕራፍ ሥራ፣ ታልፋለህ» ያልኩት ነው ያለፈው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እዩት። መጀመሪያ ያስፈራራችኋል፣ መሐል ላይ «ሐኪሞች የማይነግሯችሁ» ይላል፣ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር ይመጣል። የሆነ ዱቄት፣ የሆነ ሻይ፣ የሆነ «መርዝ የሚያወጣ» ነገር። ፍርሃቱ ማስታወቂያው ነው፤ ዕቃው ከኋላ ነው ያለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ ፋርማሲስት ሆናችኋል። ሦስታችሁ ሐኪም ናችሁ፤ ሁሌ እኮራባችኋለሁ። እናንተን ነው በተለይ የምለምነው። ስለ አደጋ ስትናገሩ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ንገሩን፤ የኛ ሰው ቁጥር አይገባውም አትበሉ፣ ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ነው። ከእያንዳንዱ «ተጠንቀቁ» ኋላ አንድ ማድረግ የምንችለውን ነገር ንገሩን። «ጨው ገዳይ ነው» ከምትሉን «በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው» በሉን። ለሕመምተኛው ከምታስተምሩት ነገር ውስጥ በሽታው ያለበት ሰውም ቁጭ ብሎ እንደሚሰማችሁ አትርሱ። እኔ ያን ቀን ሰልፍ ላይ የረሳሁት ይህንን ነው።

ለቀራችሁት፣ ሐኪም ላልሆንነው፣ አንድ ነገር ብቻ። «ሼር» ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ነው የሚናገረው? ከስንት ወደ ስንት ነው? ሰሚው ምን ያድርግ ነው የሚለው? ሦስቱንም ካልመለሰ እናንተ ጋ ይቁም። እናታችሁ ጋ አይድረስ። የጀመራችሁትን መድኃኒት ደግሞ በቪዲዮ አታቁሙ፤ ያዘዘላችሁን ሰው ሄዳችሁ ጠይቁ። ልባችሁ እየመታ፣ እንቅልፍ እያጣችሁ ያላችሁም ካላችሁ፣ ጭንቀት ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። አያሳፍርም።

እኔ በበኩሌ ከዚህ ገጽ ላይ ያለፉትን ዓመታት «ለጥንቃቄ ያህል» ብዬ የለጠፍኳቸውን ዛሬ አንድ በአንድ አጠፋለሁ። ያመለጠኝ ካለ ኮሜንት ላይ ጠቁሙኝ።

እናቴ ደህና ናት። ክኒኗን ትወስዳለች። ባለፈው እሑድ ሄጄ ከሰል ተያይዞ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ሦስት ጎረቤቶች ቁጭ ብለው ደረስኩ። ስልኩ መሶብ ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል። «ቡናው አይጎዳሽም ወይ?» አልኳት ልፈትናት ብዬ። «ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። ሁለት ስኒ ጠጪ ብላኛለች። አንተ ደግሞ አታስፈራራኝ» አለችኝ።

አላስፈራራትም። እናንተም አታስፈራሩብኝ።

ቸር ያሰማን።